አባት አሳ

ቅዳሜ ድብርት ቢጤ ተጫጭኖኝ ዋለ። ምክንያት የለውም። ያ ሁሉ በረዶ ሄዷል፣ ፀሐይ ወጥታለች፣ የሌሊት ፈረቃም አልነበረብኝም። እኔን ደግሞ የሚብስብኝ ምክንያት ሲጠፋ ነው። ትንሹ ልጄ "አሳ ልናጠምድ እንሂድ" አለ። ሴትዮዋም፣ ሚስቴ ማለቴ ነው፣ "ይዘኸው ውጣ፣ እዚህ አትጎለትብኝ" አለች። ወጣን።

ፌለን ሐይቅ ለኛ ቅርብ ነው፣ እዚሁ ሚኒሶታ፣ ሴንት ፖል። ጀልባ ምናምን አያስፈልግም፣ ዳር ቆሞ መጣል ነው። ቀጭን ዘንግ፣ ትንሽዬ መንጠቆ፣ ቀይና ነጭ ተንሳፋፊ፣ አንድ ዕቃ ትል። ትሉን መሰካት የኔ ሥራ ነው፤ ልጁ ይቀፈዋል። አሳውን ግን ስም አውጥቼ ካልሸኘሁት ይላል።

የሚያዘው ብሉጊል ነው፤ የአገሬው ሰው "ሰኒ" ይለዋል። ትንሽ ነው ግን ልብ አለው። ጠፍጣፋ ስለሆነ ጎኑን ለውሃው ሰጥቶ ይታገላል፣ ትልቅ ነገር የያዛችሁ ነው የሚመስላችሁ። አንዱ ወጣ፤ ደረቱ ብርቱካናማ፣ ከመዳፌ የሚሰፋ። በልቤ ሚጥሚጣ እየነሰነስኩበት ነው። (ሰኔ ጾም ገብቷል፣ እናቴ እንዳትሰማ። አሳ በጾም ይበላል አይበላም የሚለውን ክርክር በስልክ እንጀምራለን እንጂ ጨርሰነው አናውቅም።) አጠገባችን የነበሩ ሽማግሌ "እሱን እንኳ ብትመልሰው፤ አባት ነው" አሉኝ። በጣታቸው ወደ ዳር ያለውን ውሃ አሳዩኝ። ታች አሸዋው ላይ ከምጣድ ትንሽ ያነሱ ክብ ክብ ጉድጓዶች አሉ። በየጉድጓዱ ላይ አንድ አንድ አሳ ቆሟል።

መለስኩት። ከዚያ ወዲያ ማጥመዱን ለልጁ ትቼ ስልኬ ላይ ተተከልኩ።

ጎጆውን በጭራው እየጠረገ የሚሠራው ወንዱ ነው። ሴቷ እንቁላሏን ጥላ ትሄዳለች። እሱ እዚያው ቆሞ ውሃ ያራግብላቸዋል፣ ሊበላ የመጣውን ሁሉ ያባርራል፣ ተፈልፍለው ዋኝተው እስኪሄዱ ንቅንቅ የለም። የኛ አገሯ ቆሮሶ (ቲላፒያ) ተቃራኒው ናት። ሐዋሳ ላይ ስንቷን ጠብሰን በልተናል፤ እናትየዋ እንቁላሏንም ጫጩቶቿንም አፏ ውስጥ ይዛ እንደምታሳድግ ግን ማንም አልነገረኝም። አፏ ልጅ ይዞ እንዴት ትብላ! ወንዱስ? ጉዳዩን ጨርሶ ወደ ሌላዋ።

የእናት ነገር ብዙ ተዘፍኗል፣ እኔ አልጨምርበትም። የያዘኝ የአባትየው ነገር ነው። የኔው አባት ሞያሌ መስመር ላይ ሾፌር ነበር። ቤት የሚመጣው ወይ መኪናው ወይ ወገቡ ሲበላሽ ነው።

ሚኒሶታ ውስጥ በደንቡ በቀን ከ20 ሰኒ በላይ አይያዝም። አንዳንድ ሐይቅ ላይ ወደ 10 ወይም ወደ 5 ዝቅ ተደርጓል። ምክንያቱን ሳነብ ደነገጥኩ። ጎጆ የሚጠብቁት ትልልቅ ወንዶች ተለቅመው ሲያልቁ፣ ትንንሾቹ ማደጉን ትተው ቶሎ ይጎረምሳሉ። ጉልበታቸው ሁሉ ወደ መራባት ይሄዳል፤ በዚያው ድንክ ሆነው ይቀራሉ። ሐይቁ በሚጢጢ አባወራ ይሞላል። ጎጆ ሳይሠሩ ሰው ጎጆ ውስጥ ተደብቀው የሚገቡም አሉ፤ ሴት መስሎ የሚገባም አለ። ምስኪን ጠባቂ የማንን ልጅ እንደሚያራግብ በምን ያውቃል?

ሰፈራችን ትዝ አለኝ። አንዱ አባት ግንባር፣ አንዱ ዓረብ አገር፣ አንዱ ሞያሌ። እኛ በ13 ዓመታችን ድምፃችንን አወፍረን ከአከራይ ጋር የምንከራከር አባወራዎች። ቁመቴን ያያችሁ ደግሞ አይታችኋል። ይሄ ሳይንስ ያኔ ቢደርሰኝ "አጭሬ" ያለኝን ሁሉ አፉን አስይዘው ነበር፦ ጥፋቱ የኔ አይደለም፣ አባቴን አጥምደውት ነው!

ችግሩ፣ ንድፈ ሐሳቤ ትንሹ ላይ ሲደርስ ይበጠሳል። እሱ ያደገው እኔ ሌሊት ሠርቼ ቀን ስተኛ ነው። ምንም ያራገብኩለት ነገር የለም። ሆኖም ገና 6ኛ ክፍል ሆኖ ቁልቁል ሊያየኝ ትንሽ ነው የቀረው። ማታ ለሴትዮዋ ይህንኑ ሳብራራላት፣ "ወንድሞቼን አይተሃቸው አታውቅም እንዴ?" ብላኝ ሳህኗን ማጠብ ቀጠለች።

እሺ፣ ቁመቱን አጎቶቹ ይውሰዱ። አፍንጫው ግን የኔ ነው። አይደለም እንዴ?