ማረፊያውን ፍለጋ፦ ስለ ዘፈን መጻፍ የተማርኩበት አንድ ዓመት

ስለ ዘፈን መጻፍ ከጀመርኩ ዓመት ሞላኝ። ደሴ ነው የምኖረው፤ የምጽፈውም ማታ ማታ ሥራ ከጨረስኩ በኋላ ነው። ሰሞኑን የመጀመሪያ ጽሑፎቼን አውጥቼ አነበብኳቸው። አንዱ ላይ «ልብ የሚነካ» የሚል ቃል አራት ቦታ ተጽፏል። የዘፋኙ ስም ቢቀየር ጽሑፉ ለማንም ዘፈን ይሆናል። የተሰማኝን እንጂ የሰማሁትን አልጻፍኩም ነበር።

ይህን ያሳዩኝ ክራር የሚያስተምሩኝ አባት ናቸው። ስለ አንድ አዲስ ዘፈን «ቅኝቱ አምባሰል ነው» ብዬ ጽፌ አነበብኩላቸው። ቅኝት ማለት ዜማው የሚሠራባቸው ድምፆችና አካሄዳቸው ነው፤ ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰል እየተባለ ይጠራል። ዘፈኑ ያሳዝናል፣ ግጥሙም የአምባሰልን ተራራ ይጠራል፤ ለእኔ በቂ ነበር። አምባሰልና ባቲ ለወሎ ልጅ መጀመሪያ የአገር ስም ናቸው። አንዱ ተራራ፣ ሌላው ሰኞ ገበያ የሚቆምበት ከተማ። ስማቸውን ከልጅነቴ ስለማውቅ ቅኝታቸውንም የማውቅ መስሎኝ ኖሯል።

«ልጄ፣ ተራራው ስለተጠራ ቅኝቱ አምባሰል ይሆናል?» አሉኝና ክራራቸውን አነሱ።

መጀመሪያ ትዝታ ሜጀር መቱ። ከዚያ ሁለት ክሮች ብቻ ግማሽ ግማሽ ድምፅ ዝቅ አደረጉ፤ ትዝታ ማይነር ሆነ። ቀጥለው አንድም ክር ሳይነኩ ሌላ ዜማ ጀመሩ። አምባሰል! ክሮቹ ያው ናቸው፣ አምስቱም ድምፆች ያው ናቸው። የተለወጠው ዜማው የሚነሳበትና ተመልሶ የሚያርፍበት ድምፅ ነው። በዶ ሬ ሚ ቋንቋ፣ ትዝታ ማይነር ዶ ላይ ካረፈ፣ በእነዚያው ድምፆች ሶል ላይ ሲያርፍ አምባሰል ይሆናል። እኔ አምባሰል ያልኩት ዘፈን ትዝታ ማይነር ነበር። ስሸማቀቅ አይተው «አብሽር፣ ጆሮ ይገራል» አሉኝ።

ከዚያ ቀን ወዲህ ቅኝት ከመሰየሜ በፊት አብሬ እያንጎራጎርኩ ማረፊያውን እፈልጋለሁ። ጆሮዬን ለማስለመድ ማሪቱ ለገሰ የተጫወተችውን አምባሰል ደጋግሜ እሰማለሁ። ካልለየሁት ቅኝቱን አልጠራም፤ ዜማው የት እንደሚወጣና የት እንደሚወርድ በተራ ቃል እጽፋለሁ። ለአንባቢም ይሄ ይሻላል፤ ዘፈኑን ከፍቶ እውነት ይሁን አይሁን በራሱ ጆሮ ማየት ይችላል።

አሰማሜም ተቀይሯል። ድሮ ወደ ኮምቦልቻ ስወርድ ታክሲ ውስጥ በስልክ ሰምቼ ማታውኑ እጽፍ ነበር። የስልክ ድምፅ ማጉያ ቤዙን ይውጠዋል። ስለዚህ «ቅንብሩ ሳስቷል» ብዬ የፈረድኩበት ዘፈን በጆሮ ማዳመጫ ስሰማው ሞልቶ ተገኘ። ግጥም፣ ዜማና ቅንብር የማን እንደሆኑም አስቀድሜ አያለሁ። የዜማ ደራሲውን ሥራ ለዘፋኙ ሰጥቼ አመስግኜ አውቃለሁና።

ከሁሉ የከበደኝ ግን ይሉኝታ ነው። ከተማው ይተዋወቃል። የሰፈራችን ልጅ የመጀመሪያ ነጠላ ዜማውን ሲያወጣ እናቱ ቡና ጠርተውኛል፤ ምን ብዬ ልጽፍ? ከላይ እስከ ታች አወደስኩት። ከሳምንት በኋላ ራሱ ቤቴ መጣ። «አንብቤዋለሁ፣ አመሰግናለሁ። አሁን ደግሞ እውነቱን ንገረኝ» አለኝ። በጣም አፈርኩ። ሊማርበት የሚችለውን ነገር ደብቄበት ነበር።

አንድ አንድ ጆሮ ማዳመጫ ተካፍለን ሰማነው። ከአዝማቹ ቀጥሎ ማሲንቆው ሲገባ ከበሮው ከላይ ተጭኖት አይሰማም። ሁለተኛው ስንኝ ጫፍ ላይ ደግሞ ድምፁን ሲያስረቀርቅ ቃሉን ይበላዋል። ቤት መድፊያው የቱ እንደሆነ ሰሚው አያገኘውም። ሁለቱንም ቦታውን እያቆምኩ አሳየሁት። ዝም ብሎ ሰማ። ከዚያ «እስቲ ማሲንቆው የሚገባበትን ድገመው» አለኝ።

ያንን ጽሑፍ አሁን እንደገና እየጻፍኩት ነው። ድምፁን ሲያስረቀርቅ ጥሩ የሚሆንበት ቦታም አለ፣ መጨረሻው አካባቢ። እሱን የሚገልጽ ቃል ገና አላገኘሁም፤ ሦስት ማታ ሆነኝ።