ሸንት ያለው ልጄ ላይ የሚደራረበውን ሲቲ ስካን እንዴት ቀነስነው

ልጄ ገና አራስ እያለ ጭንቅላቱ ውስጥ ውሃ እየተጠራቀመ ስላስቸገረ ሸንት ገባለት፣ ከጭንቅላቱ ተነስቶ በቆዳው ስር ሆዱ ድረስ የሚወርድ ቀጭን ቱቦ ነው። ቱቦው አንዳንዴ ይደፈናል፣ ሲደፈን ምልክቱ ማስታወክ፣ ራስ ምታት፣ መነጫነጭ፣ እንቅልፍ እንቅልፍ ማለት ነው፣ እስቲ ጉንፋን ሲይዘው እንዲ ማይሆን ልጅ ካለ ጥሩልኝ። ስለዚ ባስመለሰ ቁጥር ኢመርጀንሲ ነን፣ ኢመርጀንሲ በገባን ቁጥር ደሞ ሲቲ ስካን፣ በራጅ ጨረር የጭንቅላቱን ውስጥ ሚያሳየው ምርመራ። ምንኖረው ሜሪላንድ ነው፣ ማሽኑ እዛው ነው፣ ኢንሹራንሱ ይከፍላል፣ አይሆንም ሚል ሰው የለም።

ጨረሩ እየተደራረበ ሲሄድ ምን ያመጣል ብዬ ማንበብ ጀመርኩ። በ2023 የወጣ ትልቅ ጥናት አለ፣ 9 የአውሮፓ ሀገሮች ውስጥ ሲቲ የተነሱ ወደ 1 ሚሊዮን የሚጠጉ ልጆችና ወጣቶችን ተከታትሎ፣ ከ10,000 ልጅ አንዴ ቢነሱ በቀጣዮቹ 12 ዓመታት ውስጥ በጨረሩ ምክንያት የደም ካንሰር ሊይዛቸው ሚችለው 1 ወይ 2 ናቸው ይላል። በጣም ትንሽ ነው። የተደፈነ ሸንት ግን ሳይታይ ከቆየ ይገድላል፣ ስለዚ «ጨረር ነው አላስነሳም» ማለት ፈፅሞ አይታሰብም። ግን ያው ጥናት መጠኑ በተደመረ ቁጥር ስጋቱም ይጨምራል ይላል፣ የኔ ልጅ ደሞ አንዴ ተነስቶ በቃው ሚባል ልጅ አደለም። ልጆች ላይ ሚብሰው ሴላቸው ገና እየተባዛ ስለሆነና ካንሰሩ ብቅ ሊል ሚችልበት ብዙ ዕድሜ ከፊታቸው ስላለ ነው፣ በዛ ላይ ማሽኑ ለአዋቂ በተሞላው ከተተወ ትንሿ ሰውነት ከሚያስፈልጋት በላይ ትወስዳለች።

ኢመርጀንሲ ውስጥ ልጅ እያለቀሰ መከራከር አይቻልም። እኔ ያደረኩት ልጁ ደህና በነበረበት በመደበኛው ቀጠሮ የኒውሮሰርጀሪ (የአንጎል ቀዶ ጥገና) ሀኪሙን ቁጭ ብዬ መጠየቅ ነው፣ ሌላ መንገድ የለም ወይ ብዬ። አለ አለኝ። ፈጣን ኤምአርአይ ሚሉት ነገር፣ በማግኔት ነው ሚያነሳው፣ ጨረር የለውም፣ ጥቂት ደቂቃ ነው፣ ማስተኛ መድሃኒትም ብዙ ጊዜ አያስፈልግም፣ ምክንያቱም ማየት ሚፈልጉት ውሃ ያለበት ቦታ ሰፍቷል አልሰፋም ሚለውን ነው። (እርግብግቢቱ ያልገጠመ ህፃን ከሆነ ደሞ በዛው በኩል በአልትራሳውንድ ይታያል።) ከዛ ፋይሉ ላይ «ከተቻለ ቅድሚያ ፈጣን ኤምአርአይ» ብሎ እንዲፅፍልኝ ለመንኩት፣ ፃፈልኝ። ካደረኩት ሁሉ የጠቀመኝ ይሄ ነው፣ ሌሊት ሚያገኘን ሀኪም ሁሌ አዲስ ነው፣ እኔ ተንቀጥቅጬ ከማወራው ፋይሉ ላይ ያለው መስመር ቶሎ ይሰማል።

አንድ ነገር ግን ልብ በሉ፣ ሸንቱ ከውጪ ሚስተካከል ቫልቭ (ሚወርደውን ውሃ ሚቆጣጠር መዝጊያ) ያለው ከሆነ የኤምአርአዩ ማግኔት ቫልቩ የተሞላበትን ቁጥር ሊያዛባው ይችላል፣ ስለዚ ከተነሳ በኋላ ቫልቩ ሳይታይ ከሆስፒታል አልወጣም። የቫልቩን ስምና የተሞላበትን ቁጥር ስልኬ ላይ ይዣለሁ።

ኤምአርአዩ ሳይመቻች ሲቀር ሲቲ ይነሳል፣ ምንም አልልም። እምጠይቀው ለልጅ ተስተካክሏል ወይ፣ ለሸንት ሲሆን ዝቅ ያለውን መጠን ትጠቀማላችሁ ወይ ብቻ ነው፣ የተቆጣኝ የለም። የጭንቅላት ሲቲ ባብዛኛው ወደ 2 ሚሊሲቨርት (የጨረር መለኪያ ነው) ነው፣ አሜሪካ ውስጥ ሰው ከአፈርና ከአየሩ በአመት ሚያገኘው የተፈጥሮ ጨረር ወደ 3 ነው፣ ይሄን ሳውቅ ትንሽ ተንፈስ ብያለሁ። ሆዱ ላይ ጨረር ሚከላከለውን የእርሳስ ብረት ሽፋን አልብሱልኝ ስላቸው ደሞ አሁን እንደ ድሮው አናለብስም አሉኝ፣ ደብቀው መስሎኝ ሳጣራ እውነታቸውን ነው፣ የአሜሪካ የሜዲካል ፊዚክስ ማህበር በ2019 በየጊዜው ማልበሱ ጥቅሙ ትንሽ ነው ብሎ እንዲቀር መክሯል።

ደህና ሆኖ የተነሳውን ኤምአርአይ በሲዲ አስገልብጬ ይዣለሁ፣ ሀኪሙ ማወዳደሪያ ከሌለው ሰፍቷል አልሰፋም ለማለት ይቸገራል፣ ከተቸገረ ደሞ ይደገም ማለቱ አይቀርም። ክረምት አዲስ አበባ እናቴ ጋ ስንሄድ ሲዲውን ሻንጣ ውስጥ አልከትም፣ ከፓስፖርቱ ጋር የእጅ ቦርሳዬ ውስጥ ነው፣ እዛ ቢያስመልስ መጀመሪያ ሀኪሙ እጅ ሚገባው እሱ ነው።