ረጅሙን ልጅ ሪንግ ስር አታቁሙት

ልጆችን ባስኬት ስለማሰለጥን ሰሞኑን ደጋግሞ የሚመጣብኝ አንድ ጥያቄ አለ። "ልጄ ባስኬት ላይ ጎበዝ ነው፣ ቁመቱም ደህና ነው፣ የት ላስገባው?" አንዳንዱ ወላጅ ባጃጅ አስቁሞ ሁሉ ነው የሚጠይቀኝ። የኔ መልስ ደግሞ ቅር የሚያሰኛቸው ይመስለኛል፣ ምክንያቱም የት ይግባ ከማለቴ በፊት "ኳስ እየነዳ ቀና ብሎ ማየት ይችላል ወይ?" ብዬ ነው የምጀምረው። ቁመቱንማ አያለሁ፣ ከሩቅ ይታያል።

ለምን መሰላችሁ እዚህ ሀዋሳ አንድ ልጅ 13 ዓመቱ ላይ ጓደኞቹን በጭንቅላት ከበለጠ በቃ ሴንተር ነው፣ ማንም አይጠይቀውም። ሪንግ ስር ይቆማል፣ ኳስ ከላይ ይወረወርለታል፣ ዞር ብሎ ይከታል፣ ትምህርት ቤቱ ዋንጫ ይበላል፣ ኮቹም ይጨበጨብለታል። እንዲህ እንዲህ እያለ ሦስት ዓመት ያልፍና ሌሎቹ በቁመት ሲደርሱበት ልጁ እጁ ላይ ምንም የለም። ድሪብል የለ፣ ሹት የለ፣ ፊቱን ወደ ሪንግ አዙሮ መጫወት የሚባል ነገር አያውቅም። 1.83 ሜትር ላይ ቆሞ የቀረ ሴንተር ደግሞ ትልቅ ሜዳ ላይ ሴንተር አይሆንም፣ ጋርድ ነበር መሆን የነበረበት፣ ኳስ እየነዳ ጨዋታውን የሚመራው ማለት ነው፣ ጋርድነት ደግሞ ማንም አላስተማረውም። ከዛ "ይሄ ልጅ እኮ ድሮ አሪፍ ነበር" ይባላል። ድሮም አሪፍ አልነበረም፣ ቀድሞ ያደገ ልጅ ነበር።

ወንድ ልጅ በአማካይ 14 ዓመት አካባቢ ነው በጣም የሚመዘዘው፣ ሴት ልጅ ደግሞ ቀደም ብላ 12 ገደማ። ይሄ አማካይ ነው፣ አንዱ ወንድ ልጅ 12 ላይ ይመዘዛል፣ ሌላው 16 ላይ። ስለዚ አንድ ክፍል ውስጥ ያሉ፣ በወረቀት እኩያ የሆኑ ሁለት ልጆች በሰውነት የሁለትና የሦስት ዓመት ልዩነት ሊኖራቸው ይችላል። ምርጫ ላይ የሚወድቀው ታዲያ የትኛው ነው? ትንሹ ነዋ። በዛ ላይ ዕድሜ መቀነስ የሚባለው ነገራችን አለ፣ ሁላችንም እናውቀዋለን፣ 17 ዓመቱን የጨረሰ ልጅ ከ15 ዓመት በታች ተብሎ ይሰለፋል። ሰው ይሄን ሲያወራ ሁሌ ስለ ተጭበረበረው ተጋጣሚ ነው የሚያወራው። ለኔ ግን ከሁሉ በላይ የሚጎዳው ዕድሜው የተቀነሰለት ልጅ ራሱ ነው፣ በጉልበት ብቻ እያሸነፈ ጨዋታውን ሳይማር ይቀራል፣ አንድ ቀን ደግሞ ፓስፖርት የሚጠየቅበት ውድድር ሲመጣ ወይ ይጋለጣል ወይ ይቀራል።

የምንሰራበት ሜዳ የትምህርት ቤት ሲሚንቶ ነው። አንዱ ሪንግ ወደ ፊት ተንጋዷል፣ ሌላኛው ደህና ነው ግን መረብ የለውም፣ ከሰዓት በኋላ በሀይቁ በኩል ንፋስ ሲነሳ ከርቀት የተወረወረ ኳስ የት እንደሚሄድ ፈጣሪ ነው የሚያውቀው። በቅርቡ እዛ ላይ ሦስት ለሦስት እያጫወትኩ ረጅሙን ልጃችንን "ዛሬ ኳስ የምታወጣው አንተ ነህ" አልኩት። አጎንብሶ ኳሷን እያየ መጣ፣ ሁለቴ እንዳነጠረ አንዲት ከትከሻው በታች የሆነች ቀጭን ልጅ መንትፋው ሄደች። ሳቅ በሳቅ። እንደገና ሰጠሁት፣ እንደገና ወሰደችበት። ሦስተኛው ላይ ጓደኞቹ "ኮች በቃ፣ ታች ይቁምልን፣ እየተሸነፍን ነው እኮ!" ብለው ጮሁብኝ። እሱም ያየኛል፣ ታች ቁም እንድለው ፈልጎ። አላልኩትም። "ጀርባህን ስጣት፣ ኳሷን በራቀው እጅህ ያዝ፣ ዓይንህን ከመሬት አንሳ" ብቻ አልኩት። የዛን ቀን ቡድኑ ተሸነፈ፣ ልጁም ተናዶ ነው የሄደው። ግን መጨረሻ አካባቢ አንዴ ጀርባውን ሰጥቶ አሳለፋትና ቀና ብሎ ጥግ ላይ ለቆመው ልጅ ፓስ አደረገ፣ ያቺ አንድ ፓስ ለኔ ሪንግ ስር ከሚያስገባቸው ሃያ ጎሎች ትበልጣለች።

ስለ ኳሱም ትንሽ ላውራ፣ ምክንያቱም ይሄ ነገር በጣም ያናድደኛል። ቁጥር 7 የሚባለው የወንዶች ኳስ 600 ግራም ገደማ ይመዝናል፣ ሴቶች የሚጫወቱት ቁጥር 6 ነው፣ ለህፃናት የተሰራው ደግሞ ቁጥር 5፣ 500 ግራም እንኳን አይሞላም። ሪንጉም ለትልቅ ሰው 3.05 ሜትር ይሁን እንጂ ለሚኒ ባስኬት፣ ለህፃናቱ ጨዋታ ማለት ነው፣ 2.60 ነው። እኛ ጋ ግን የአስር ዓመት ልጅ ቁጥር 7 ይዞ 3.05 ላይ ወርውር ይባላል፣ ሐብሐብ እንደመወርወር ነው ለሱ፣ ከወገቡ ስር በሁለት እጁ አስፈንጥሮ ነው የሚልከው። ያ አወራወር ጡንቻው ውስጥ ይገባና በኋላ ስታስተካክለው ሁለት ዓመት ይፈጃል፣ ካስተካከልከው ማለት ነው። ቁጥር 5 ከሌለ ልጁን ወደ ሪንጉ አስጠጉት፣ ሪንጉ ከፍ ካለበት ግድግዳ ላይ በኖራ ክብ ሰርታችሁ በአንድ እጅ ያንን ይምታ። ዞን ዲፌንስ፣ እያንዳንዱ ሰው ሳይሆን ቦታ የሚጠብቅበት መከላከል፣ ለ11 ዓመት ልጆች እባካችሁ ተዉት፣ ህፃን ከሩቅ ስለማያስገባ ዞን ሁሌ ያሸንፋል፣ ግን ተጋጣሚን መያዝ ማንም አይማርበትም። ብዙ አገር ለህፃናት ውድድር የሚከለክሉት ለዚህ ነው።

ጉልበቱ ከሎሚው በታች ያለችው አጥንት ላይ እብጥ ብሎ የሚያመው ልጅ ካለ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የዕድገት ነገር ነው፣ በተለይ በሚመዘዝበት ሰሞን። ዝላዩን ቀንሱለት፣ በዛ ሰሞን ፓስና ሹት ይስራ፣ ካልተሻለው ሀኪም ይየው። "ወንድ ልጅ አይደለህ፣ ቻለው" አይባልም።

ሰው ሁሌ የሚጠቅስልኝ ጆኤል ኤምቢድን ነው። እውነት ነው፣ ካሜሩን፣ ያውንዴ ላይ ቮሊቦልና እግር ኳስ ሲጫወት አድጎ ባስኬት የጀመረው 15 ዓመቱ አካባቢ ነው፣ እ.ኤ.አ. በ2023 የትልቁ የአሜሪካ ሊግ የኤንቢኤ ኤምቪፒ፣ ማለትም የዓመቱ ምርጥ ተጫዋች፣ ሆነ። ፓስካል ሲያካምም ቄስ ይሁንልን ተብሎ ሴሚናሪ የገባ ልጅ ነበር፣ እ.ኤ.አ. በ2019 ከቶሮንቶ ጋር የኤንቢኤ ቻምፒዮን ሆነ። ሁለቱም የታዩት የአገራቸው ልጅ፣ ኤንቢኤ ውስጥ የተጫወተው ሉክ ምባ አ ሙቴ ካሜሩን ውስጥ በሚያዘጋጀው ካምፕ በኩል ነው። ግን ከዚህ ታሪክ "ቁመት ካለ ዘግይቶም ይደረስበታል" የሚለውን ብቻ ይዞ የሚሄድ ሰው ይገርመኛል። ልጆቹ እኮ ባስኬት ባይጫወቱም ሌላ ስፖርት ሲጫወቱ ነበር፣ እግራቸው ሰርቷል። ኤንቢኤና የአሜሪካ ባስኬት ፌዴሬሽን እ.ኤ.አ. በ2016 ባወጡት የልጆች መመሪያም 14 ዓመት እስኪሞላ ባስኬት ላይ ብቻ ባይወሰኑ ይሻላል ነው የሚሉት። ስለዚ ልጃችሁ ከባስኬት ሌላ ሰፈር ውስጥ ኳስ ቢጠልዝ፣ ቢሮጥ፣ ቮሊቦል ቢጫወት ጊዜ አባከነ አትበሉት።

እሺ መንገዱስ? በወረቀት ላይ መንገዱ አለ። ትምህርት ቤት፣ ከዛ የከተማና የክልል ምርጫ፣ ከዛ ክለብ፣ ወይ ደግሞ አዲስ አበባ ያለው የወጣቶች ስፖርት አካዳሚ ትምህርትና ስልጠናን አንድ ላይ አድርጎ ይዞ ያሳድጋል። ከዛ በላይ ከ16 እና ከ18 ዓመት በታች የአፍሪካ ውድድሮች አሉ፣ ወደ ዓለም ዋንጫ የሚያደርሱት እነሱ ናቸው። ሴኔጋል ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2017 የተከፈተው የኤንቢኤ አካዳሚ አለ፣ እ.ኤ.አ. በ2021 ኪጋሊ ላይ የጀመረው የአፍሪካ ክለቦች ሊግ፣ ባል (BAL) የሚባለው፣ ከ2022 ጀምሮ የአካዳሚውን ልጆች በየክለቡ እየደለደለ ማጫወት ጀምሯል። ማሊን ደግሞ እዩ፣ ከ19 ዓመት በታች ቡድናቸው እ.ኤ.አ. በ2019 ግሪክ ላይ ፈረንሳይን ጥሎ የዓለም ዋንጫ ፍፃሜ ገባ፣ በአሜሪካ 93 ለ 79 ተሸነፈ። ማሊ ከኛ የተሻለ ገንዘብ ኖሯት አይመስለኝም፣ ታዳጊዎቹን ዓመት ከዓመት ሳታቋርጥ አፍሪካ ውድድር ላይ ታሰልፋለች።

እኛ ጋ መንገዱ የሚቆረጠው ከ14 እስከ 17 ባለው ነው። ከዛ በታች ሰፈር ውስጥ የሚያጫውት ሰው አይጠፋም፣ ከዛ በላይ ደግሞ ክለቡ "ያለቀለት" ልጅ ነው የሚፈልገው። መሃል ላይ ያለው ልጅ በዓመት አንዴ የትምህርት ቤቶች ውድድር ሲደርስ ለሁለት ሳምንት ይሰበሰባል፣ ቱታ ይሰጠዋል፣ ይበተናል። በዛ ዕድሜ አንድ ልጅ የሚያስፈልገው ደግሞ በየሳምንቱ መጫወት ነው። ለዚህ እኔ የማየው ቀላሉ ነገር ሦስት ለሦስት ነው። ከቶኪዮ ጀምሮ ኦሎምፒክ ውስጥ አለ፣ ግማሽ ሜዳ፣ አንድ ሪንግ፣ ለቡድን አራት ልጅ (ሦስቱ ሜዳ ላይ፣ አንዱ ተቀያሪ)፣ አስር ደቂቃ ወይም ቀድሞ 21 ነጥብ የገባ ያሸንፋል፣ በ12 ሰከንድ ውስጥ መወርወር አለብህ። አንድ ደህና ሪንግ ብቻ ያለው ትምህርት ቤት ሀዋሳ ውስጥ ስንት ነው! በዛ ላይ ሴንተር ብሎ መደበቅ የለም፣ ሁሉም ኳስ ይነካል፣ ሁሉም ይይዛል። ደስ የሚለው ደግሞ በኦፊሴል ህጉ ጨዋታው ላይ ኮች ዳር ቆሞ መጮህ አይፈቀድለትም፣ ልጆቹ ራሳቸው ናቸው የሚያስቡት። አንዳንድ ጓደኞቼ ይሄን ህግ ሲሰሙ ታመው ነበር።

ስለ ውጭ ስኮላርሺፕ ደግሞ ሳልናገር አላልፍም። ባለፈው አንዲት እናት መጥተው "ወንድሜ፣ እውነቱን ንገረኝ፣ ይሄ ኳስ እንጀራ ይሆነዋል?" አሉኝ። "እትዬ፣ ብቻውን አይሆነውም፣ ደብተሩን አያስጥሉት" አልኳቸው። ለካ አንድ ሰው በስልክ ልጁን አሜሪካ አስገባለሁ፣ ለፕሮሰስ ብር ላኩ ብሏቸው ኖሯል። እንዲህ ነው፣ የዓለም ባስኬት ፌዴሬሽን፣ የፊባ፣ ህግ ከ18 ዓመት በታች ያለን ተጫዋች ከአገር አገር ማዛወር በመርህ ደረጃ ይከለክላል፣ ልዩ ሁኔታ ካልሆነ በቀር። ከፍተኛው የአሜሪካ ኮሌጅ ስፖርት ደረጃ፣ ዲቪዚዮን አንድ የሚባለው፣ ደግሞ ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ የ16 ኮርስ ውጤት ያያል፣ ማለትም 9ኛ ክፍል ላይ የተጣለ ሂሳብና እንግሊዝኛ 12ኛ ላይ በቁመት አይካካስም። ልጅህን በእውነት የፈለገ አካዳሚ ልጁ ሲጫወት ቪዲዮ ይጠይቃል፣ ትራንስክሪፕት፣ የትምህርት ውጤቱን ማለት ነው፣ ይጠይቃል። በቅድሚያ ብር የሚጠይቀውን ስልኩን ዝጉት።

ሴቶቹ ጋ ያለው ችግር ሌላ ነው። 13፣ 14 ሲሆናቸው አንድ በአንድ ይጠፋሉ፣ ስትጠይቅ "ፈተና ነው" ይሉሃል፣ እውነቱ ግን ልምምዱ 12 ሰዓት ላይ ያልቅና ጨለማ ውስጥ ብቻቸውን ነው ወደ ቤት የሚሄዱት፣ ቤት ደግሞ ስራ ይጠብቃቸዋል። የኛን ቅዳሜ ጠዋት አደረግነው፣ አንድ ሰፈር ያሉት አብረው ይመጣሉ አብረው ይሄዳሉ፣ የተወሰኑት ተመለሱ። ያቺ ኳስ መንታፊዋም በዛው ነው የተመለሰችው፣ እናቷ መጀመሪያ ላይ ሜዳው ዳር ቁጭ ብላ ታይ ነበር፣ አሁን ትታዋለች።

አሁን የቸገረን ቁጥር 5 ኳስ ነው። ቤቱ ውስጥ ልጁ ትቶት የተነፈሰ እንኳን ያለው ሰው ቅዳሜ ጠዋት ይዞልን ይምጣ፣ ፓምፕ አለን። ብየዳ የሚችልም ካለ የተንጋደደውን ሪንግ አውርደን 2.60 ላይ ልንሰቅለው አስበናል፣ ብረቱን እኛ እንችላለን።