ሠላሳ ስምንት ሁሉ አንድ አይደለም

ዛሬ ቶርኖ ቤቱን ልዘጋ ስል የአጎቴ ልጅ መጣ። በጨርቅ የተጠቀለለ ነገር ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። ሳይፈታው አወቅሁት፤ የአያታችን ስድስት ጎራሽ ሽጉጥ ነው። ኅዳር 1934 ዓ.ም. ጣሊያን ጎንደር ላይ እጁን ሲሰጥ ከእንግሊዞች እንደተገኘ እየተነገረን ነው ያደግነው። አካሉ ላይ «ኢንፊልድ» የሚል የእንግሊዝ ጦር መሣሪያ ፋብሪካ ስም አለው።

«ጥይት አገኘሁለት» አለኝ ደስ ብሎት። «ሽጉጡም ሠላሳ ስምንት፣ ጥይቱም ሠላሳ ስምንት። ግን አልገባ አለ። እስቲ ቀዳዳዎቹን ትንሽ አስፋልኝ። ለሠርጉ እንዲደርስ።»

መጀመሪያ ባዶ መሆኑን አየሁ። ደግሜ አየሁ። ከዚያ የውፍረትና የርዝመት መለኪያዬን፣ ካሊፐሩን፣ አነሳሁ።

ያመጣው «38 ስፔሻል» የሚባለውን ነው። ቀለሃው ብቻ ከ29 ሚሊ ሜትር ያልፋል። የዚህ ሽጉጥ ጥይት ግን «38 ኤስ ኤንድ ደብሊው» ነው፤ ቀለሃው 20 ሚሊ ሜትር እንኳ አይሞላም። አጭር ነው፣ ግን ወፈር ይላል። ጥይቱ የሚገባበት ቀዳዳ ውስጥ ደረጃ አለ። ቀለሃው እዚያ ያበቃል፣ ከዚያ ወዲያ የሚያልፈው አረሩ ብቻ ነው። ስፔሻሉ ረጅም ስለሆነ ደረጃው ላይ ተደግፎ ቂጡ ውጭ ቀረ።

ደረጃውን ብቆርጠው ይገባል። ለእኔ ከባድ ሥራ አይደለም፤ የሚያስፈራኝም እሱ ነው። የቀዳዳው የኋላ ክፍል ለወፍራሙ ቀለሃ የተሠራ ነው። ቀጭኑ ውስጡ ይላወሳል። ሲተኮስ ያብጣል፣ ይሰነጠቃል፣ ትኩሱ ጋዝም ወደ ኋላ መውጫ ያገኛል። ግፊቱም ሽጉጡ ከተሠራለት ጥይት ይበልጣል። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ እንዲህ እየሰፉ የተሸጡ የእንግሊዝ ጦር ሽጉጦች ነበሩ። ያበጠና የተሰነጠቀ ቀለሃ የሚተፉት በዚህ ምክንያት ነው።

«አልነካውም» አልኩት።

«አንተ ደግሞ! ቁጥሩ አንድ አይደል እንዴ?»

38 ስም እንጂ ልክ አለመሆኑን ለማስረዳት ብዙ ደከምኩ። የኢንች መቶኛ 38 ማለት 9.65 ሚሊ ሜትር ነው። የሁለቱም አረር ግን እዚያ አይደርስም፤ አንዱ 9.2፣ ሌላው 9.1 ገደማ ነው። ካሊፐሩን ሰጠሁትና ራሱ ለካ። ሲለካ ዝም አለ።

ሙሽራው ታናሽ ወንድሙ ነው። በሠርጉ ቀን የአያታችን ሽጉጥ እንዲሰማ መፈለጉ ይገባኛል፤ እኔም እወድ ነበር። ግን ሽጉጡን የሚይዘው እጅ የእሱ እጅ ነው፤ ፊቱም አጠገቡ ነው።

የትክክለኛውን ጥይት ስምና ልክ ወረቀት ላይ ጻፍኩ። ከሽጉጡ ጋር በጨርቁ ጠቀለልኩለት። ስፔሻሎቹን ለብቻቸው በሌላ ኪሱ አስያዝኩት።