«ሀርድሊ» የተለቀመ ቡና

ከገዢው የመጣችው ኢሜይል ሁለት መስመር ናት። የአንድ ኮንቴይነር፣ ማለትም ጅማ 5 የሚባለው ደረጃ የሆነ የ320 ጆንያ ቡና ቅድመ ጭነት ናሙና ደርሶታል፤ ጥቁር ፍሬ በዝቶበታል፤ ምን ልታደርጉ አስባችኋል? አለቃችን ጋሼ ከአጋሮ እንደተመለሱ፣ ጫማቸው ላይ ያለው ጭቃ ሳይደርቅ፣ ጸሐፊያችን ራስ ላይ ቆመው መልሱን በአማርኛ ማስጻፍ ጀመሩ። እሷ ደግሞ እየሰማች ቀጥታ በእንግሊዝኛ ትተይባለች።

«ጠንከር አድርገሽ ጻፊው ልጄ። ለስለስ ካልን ይንቁናል።»

ልጅቷ «ጠንከር» የተባለውን የተረዳችው በየዓረፍተ ነገሩ አንድ ተውሳከ ግስ መሰካት ነው ብላ ነው። በትምህርት ቤትም የተማርነው ይኸው ነው፤ ቅጽሉን ያዝ፣ «ሊ» ቀጥልበት፣ አለቀ።

ጋሼ ያሏት ሦስት ነገር ነው። አንደኛ፣ በታላቅ ጭንቀት እንደምንጽፍላቸው። ሁለተኛ፣ መጋዘን ውስጥ ጥቁሩን ፍሬ እየለዩ የሚያወጡት ለቃሚዎቻችን ሁለት ሳምንት ሙሉ ጠንክረው እንደለቀሙ። ሦስተኛ፣ አዲስ ናሙና እስክንልክ 15 ቀን እንዲሰጡን በድፍረት እንደምንጠይቅ። ለመጀመሪያው «ነርቨስሊ»፣ ለሁለተኛው «ሀርድሊ»፣ ለሦስተኛው መዝገበ ቃላት ገልጣ «ብሬዘንሊ» አለች። ጋሼ አላነበቡትም፤ ተላከ።

መልሱ በማግስቱ ጠዋት ገባ። ገዢው በጣም ጨዋ ሰው ነው። ስለ ግልጽነታችን አመሰገነ። ለቃሚዎቹ እምብዛም እንዳልሠሩ እሱም ከናሙናው ጠርጥሮ እንደነበር ጻፈ። የ15 ቀኑን ነገር ግን፣ ዓይናችንን በጨው አጥበን የጠየቅን መሆናችንን ራሳችን ካመንን፣ እንደሚያስብበት ነገረን።

«ምንድነው ያልሽው?»

«ያሉኝን ነው ጋሼ። ጠንክረው አላሉም?»

«ብያለሁ!»

«እኔም ጠንክረው ነው ያልኩት።»

እዚህ ላይ ሁለቱም ልክ ናቸው፤ ጥፋተኛዋ «ሊ» ናት። «ሀርድ» ራሱ ቅጽልም ተውሳከ ግስም ነው። ጠንክሮ ሠራ ለማለት «ወርክድ ሀርድ» ይበቃል። «ሊ» ስትጨመርበት «እምብዛም» ወይም «ለጥቂት» ወደሚል ሌላ ቃል ይለወጣል፤ ቦታውም ከግሱ በፊት ነው። ልጅቷ ደግሞ ቦታውን አሳምራ ነው ያስቀመጠችው። ከግሱ በኋላ ብትጥለው ኖሮ ገዢው የሰዋስው ስህተት ነው ብሎ ያልፈው ነበር። ትክክለኛ ዓረፍተ ነገር ሆኖ ጉድ ሠራን።

«በድፍረት» ላይ ያለው ጣጣ ከዚህ ይብሳል። አማርኛችን ሲለምን «በድፍረት ልጠይቅ» የሚለው አንገቱን ደፍቶ ነው፤ ይቅርታ ማለት ነው። እንግሊዝኛው ድፍረትን በየፈርጁ ከፋፍሎ አስቀምጦታል። «ቦልድሊ» ያለ ፍርሃት ነው፣ «ብሬቭሊ» አደጋውን እያየ መግባት ነው፣ «ዲፋያንትሊ» እምቢ ብሎ፣ «ብሬዘንሊ» ዓይን አውጥቶ። የልመና ደብዳቤ ላይ አንዱም አይገባም። እዚያ የሚያስፈልገው ተውሳከ ግስ ሳይሆን «ሜይ ዊ አስክ» የምትል ትሁት ግስ ናት። «ደፍሮ ገባ» የሚለውንም «ዴርድ» በሚለው ግስ መያዝ ይቀላል፤ እኛ በቦዝ አንቀጽ የምንለውን እነሱ ብዙ ጊዜ ዋናው ግስ ላይ ይጭኑታል። «እየፈራ ተናገረ» ለማለት «ሰይድ ነርቨስሊ» ስህተት የለበትም፤ «ስታመርድ» ካሉ ግን መንተባተቡ ይሰማል።

«ነርቨስሊ»ም ቢሆን እጅ ሲንቀጠቀጥ፣ ዓይን ሲሸሽ ነው። ሻጭ «በመንቀጥቀጥ እንጽፋለን» ሲል ገዢ የደበቀው ምንድነው ይላል። ጉዳዩ አሳስቦናል ለማለት «ዊዝ ኮንሰርን» ነበር ልኩ። ምን ይመጣ ይሆን ብሎ መጨነቅ ቢሆን «አንግሸስሊ»፣ ውስጥን ደስ ሳይለው ቢሆን «አንኢዚሊ» ይባላል። «ቴንስሊ» የሚባልም አለ፤ በንግድ ደብዳቤ ግን ቦታ የለውም።

ስለ ቦታ ከተነሳ፣ የቢሯችን የዘወትር በሽታ ሌላ ነው። አማርኛው «ደብዳቤውን በፍርሃት ከፈተው» ስለሚል «ኦፕንድ ነርቨስሊ ዘ ሌተር» እንላለን። እንግሊዝኛው በግሱና በተሳቢው መሀል ሰው አያስገባም፤ ወይ ከግሱ በፊት፣ ወይ ከተሳቢው በኋላ። መጀመሪያ ላይ ሲወጣ ደግሞ ትርጉሙ ይዞራል። «ብሬቭሊ፣ ሺ አንሰርድ» ካልን መልስ መስጠቷ ራሱ ጀግንነት ነው። «ሺ አንሰርድ ብሬቭሊ» ካልን ጀግንነቱ አመላለሷ ላይ ነው። ነጠላ ሰረዟ ናት ሥራውን የምትሠራው።

ይህን ሁሉ ለጋሼ ማስረዳት አልተቻለም። ወሬው መጋዘን ደርሶ፣ ከለቃሚዎቹ አንዷ የወገብ መቀነቷን እያጠበቀች «እምብዛም አልሠሩም ያለን ማነው?» ብላ በር ላይ መቆሟ ደግሞ ንዴታቸውን ጨመረው። ሁለት ሳምንት ከጥቁር ፍሬ ጋር ሲታገሉ የከረሙት እነሱ ናቸው፤ የተሰደቡትም እነሱ። ሳቅ የመጣብን ሰዎች ወደ ናሙና ክፍል ገባን።

ጋሼ ትእዛዝ ሰጡ። ከዛሬ ጀምሮ ከዚህ ቢሮ በሚወጣ ደብዳቤ ላይ በኤልና በዋይ የሚያልቅ ነገር እንዳይኖር። ልጅቷ «እሺ» አለች፤ ፊቷ ላይ ምንም አልነበረም። ቀጣዩን ደብዳቤ ጻፈች፣ ፈልጎ የሚተካውን ትእዛዝ ከፈተች፣ ሁለቱን ፊደላት አስገባች፣ በባዶ እንዲተካቸው አዘዘች። ጋሼ አሁንም ሳያነቡ አስላኩ።

ገዢው በዚያው ቀን መለሰ። «ሰፕ» የተባለው አቅርቦት መሆኑ ገብቶታል። «ኦን» የተባለውም «ብቻ» ይሆናል ብሎ ገምቷል። ግን ጭነቱ የሚነሳበት «ጁ» የሚባለው የትኛው ወር ነው?

ጋሼ ወረቀቱን ይዘው መጡ። ልጅቷ ዓይኗን ከስክሪኑ ሳታነሳ፣ «ጁላይ ነው ጋሼ። እሱም በኤልና በዋይ ነው የሚያልቀው» አለቻቸው።