የገዛ ፎልደሬን ከለከለኝ

ማክ ኮምፒውተሬ ላይ ያለው ዶክዩመንትስ የሚባለው ፎልደር ባለቤት እኔ ነኝ። ትዕዛዝ በጽሑፍ በሚሰጥበት ፕሮግራም፣ በተርሚናል፣ ዝርዝሩን ሳወጣው ስሜ ተጽፏል፤ ማንበብም መጻፍም ተፈቅዶልኛል። ዶክዩመንትስን አሳየኝ ስለው ግን «ኦፕሬሽን ኖት ፐርሚትድ»፣ አልተፈቀደም፣ ይለኛል። ትዕዛዝን በሩት፣ ማለትም በኮምፒውተሩ የበላይ ተጠቃሚ፣ ሥልጣን በሚያስፈጽመው በሱዶ ሞከርኩት፤ የይለፍ ቃሌን ተቀበለና ያንኑ መለሰልኝ። ሩትን የሚያግደው የለም እየተባልን ለተማርን ሰዎች ይህ ያበሳጫል።

ነገሩ ማክ ላይ በደንብ የጠበቀው በ2018 እ.ኤ.አ. ሞሃቪ የተባለው የማክ ሲስተም ሲወጣ ነው። በ2019 የመጣው ካታሊና ደግሞ ዴስክቶፕን፣ ዶክዩመንትስን፣ ዳውንሎድስንና ውጫዊ ዲስኮችን ጨመረበት። ቲሲሲ የሚባለው ይህ ጥበቃ ከድሮው የፋይል ፈቃድ በላይ ነው የቆመው፤ የሚያየውም ተጠቃሚው ማን እንደሆነ ሳይሆን ትዕዛዙ ከየትኛው ፕሮግራም እንደመጣ ነው። የሕንጻ ዘበኛ መታወቂያችሁን ትቶ የመጣችሁበትን መኪና ሲመረምር አስቡት። ለዚህ ነው ተርሚናል ላይ የሠራው ትዕዛዝ ኮድ መጻፊያው ቪኤስ ኮድ ውስጥ እምቢ ሊል የሚችለው።

ጥበቃውን አልቃወምም። ሥራዬ የመጽሐፍ ገጽ ቅንብር ነው፤ አራት ኪሎ፣ ከብርሃንና ሰላም ማተሚያ ቤት ብዙም በማይርቀው ቢሯችን ኮምፒውተሬ ላይ ገና ያልታተሙ የሰው ረቂቆች አሉ። ከኢንተርኔት ያወረድኩት ፕሮግራም ሳያስፈቅደኝ እንዲያገላብጣቸው አልፈልግም። የሚያንገበግበኝ ሲከለክል ዝም ማለቱ ነው።

ማታ ማታ ረቂቆቹን አርሲንክ በተባለ ፋይል መገልበጫ ወደ ውጫዊ ዲስክ የሚገለብጥ ስክሪፕት፣ ማለትም የትዕዛዞች ዝርዝር፣ አለኝ፤ የሚያስነሳው ሥራን በተቀጠረለት ሰዓት የሚያስጀምረው ክሮን የተባለ ፕሮግራም ነው። መብራት እልም በሚልበት ከተማ ያለ ባክአፕ እንዴት ይታደራል? አዲስ ኮምፒውተር ሲገዛ ስክሪፕቱን እንዳለ ወሰድኩት። አንድ ጠዋት አብሮኝ የሚሠራው ልጅ ፋይል ተበላሽቶበት ዲስኩን ከፈተና «ጋሼ፣ እዚህ ያለው እኮ የድሮው ነው» አለኝ። የስክሪፕቱን የሥራ መዝገብ፣ ሎጉን፣ አየሁት፤ ከላይ እስከ ታች ያቺው «ኦፕሬሽን ኖት ፐርሚትድ»። ተርሚናል ቢሆን መጀመሪያ ሲሞክር «ይፈቀድ?» የሚል መስኮት ይመጣ ነበር። ክሮን ግን ከጀርባ ነው የሚሠራው፤ ስለዚህ ማንንም ሳይጠይቅ ከልክሎ ያልፋል። ረቂቁ ከደራሲዋ ኢሜይል ተገኘ፤ እርማቱ ግን እንደ አዲስ ተሠራ።

መፍትሔው ሲስተም ሴቲንግስ፣ ፕራይቬሲ ኤንድ ሴኩሪቲ፣ ከዚያ ፉል ዲስክ አክሰስ (ዲስኩን በሙሉ የማየት ፈቃድ) ገብቶ ክሮንን መጨመር ነው። ክሮን ያለበት ፎልደር በቀላሉ አይታይም፤ ፋይል መምረጫው ሲከፈት ኮማንድ፣ ሺፍትና ጂን አንድ ላይ ተጭናችሁ አድራሻውን ጻፉ። ፈቃዱ ለተርሚናል ከሆነ ዘግታችሁ መክፈት አትርሱ። አንዴ «አትፍቀድ» ካላችሁት ደግሞ ዳግመኛ አይጠይቃችሁም፤ ወይ ሴቲንግስ ውስጥ ትቀይሩታላችሁ፣ ወይ ተርሚናል ላይ ቲሲሲዩቲል በሚባለው ትዕዛዝ ሪሴት ታደርጉታላችሁ።

እዚህም ቅር የሚለኝ አለ። እኔ የፈለግኩት ክሮን አንድ ፎልደርና አንድ ዲስክ እንዲነካ ብቻ ነው። «ፋይልስ ኤንድ ፎልደርስ» የሚለው ገጽ ላይ ግን ፕሮግራም በእጅ መጨመር አይቻልም፤ ስለዚህ ኢሜይሌንም መልእክቶቼንም ጨምሬ ሁሉን ሰጠሁት። ምስጢር ለመጠበቅ የተሠራ ነገር ሰውን እዚህ ላይ ማድረስ አልነበረበትም።

«ክሮን ዶክዩመንትስን እንዲያነብ አልተፈቀደም፤ ፈቃዱ ሴቲንግስ ውስጥ ነው» ቢለኝ ይበቃኝ ነበር። እስከዚያው ስክሪፕቱ ሥራ ከመጀመሩ በፊት ፎልደሩን ለማንበብ ይሞክራል፤ ካልቻለ በቴሌግራም ቦት ስልኬ ላይ መልእክት ይልካል።