በአንድ ሌሊት የሚጻፍ የሕይወት ታሪክ

ከቀብር መልስ ሆዴ ባር ባር እንዳለው አመሸ። ሐዘኑ ብቻ አይመስለኝም፤ የተነበበው ወረቀት ነው። ግማሽ ገጽ። «ከአባታቸው ከአቶ እገሌ፣ ከእናታቸው ከወይዘሮ እገሊት ተወለዱ። ዕድሜያቸው ለአቅመ ሔዋን ሲደርስ በሥርዓት ተዳሩ። ይህን ያህል ልጆችና የልጅ ልጆች ለማየት በቁ። ባደረባቸው ሕመም በጸበልም በሕክምናም ሲረዱ ቆይተው…» የእትዬ ስም ወጥቶ የሌላ ሰው ቢገባበት ማንም አይነቃም። በየቤታችን የሚጻፈው ብቸኛ ታሪክ ይኸው ነው። የሚጻፈውም ድንኳን እየተተከለ፣ እንቅልፍ ያጣ የወንድም ልጅ «የአያታችን አባት ማን ይባሉ ነበር?» እያለ በሚዞርበት ሌሊት ነው።

ከሁሉ የከነከነችኝ «የተወለዱበት ዘመን በትክክል ባይታወቅም» የምትለዋ ናት። ብዙ ጊዜ እኮ ይታወቃል። አዛውንቶቻችን ዓመተ ምሕረቱን ባይዙም ወንጌላዊውን፣ የታቦቱን ቀንና በአገር ላይ የወረደውን መከራ ይይዛሉ። አንዲት እናት «በዘመነ ሉቃስ ነው የተወለድኩት፤ ጣሊያን ሲወጣ በአንቀልባ ነበርኩ አሉ፤ ክርስትና የተነሣሁት በግንቦቷ ማርያም፣ በ21 ነው» ካሉ ከዚህ በላይ ምን ይፈለጋል? ዓመተ ምሕረቱን ለ4 ማካፈል ነው፤ 1 ከተረፈ ማቴዎስ፣ 2 ማርቆስ፣ 3 ሉቃስ፣ ምንም ካልተረፈ ዮሐንስ። ጣሊያን ከወጣበት ከ1933 በፊት ያሉት ሁለት ዘመነ ሉቃሶች 1931 እና 1927 ናቸው። የ1927 ልጅ በ1933 ጥጃ ይጠብቃል እንጂ አይታዘልም፤ ስለዚህ 1931። ሴት ልጅ ክርስትና የምትነሣው በ80 ቀኗ ነው፣ ወንድ በ40። ወሮቻችን እኩል 30 ስለሆኑ ከግንቦት 21 ላይ 80 ቀን ወደ ኋላ ሲቆጠር መጋቢት 1 ወይም 2 ላይ ይወድቃል። «በትክክል ባይታወቅም» የተባሉት ሴት ከነቀናቸው ተገኙ ማለት ነው።

ስሕተት የሚገባባቸው በሮች አሉ። «በማርያም ቀን» ብቻ ከተባለ ማርያም በየወሩ አለች፤ ያኔ ጾሙ ምን ነበር፣ ማሳው ላይ ምን ቆሞ ነበር ብሎ መጠየቅ ነው። «ጣሊያን ሲወጣ» የሚለውም ከቦታ ቦታ ይለያል፤ ንጉሡ አዲስ አበባ የገቡት ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ሲሆን ጎንደር ላይ ግን የጣሊያን ጦር እጁን የሰጠው በኅዳር 1934 ነው። ክርስትናውም በሕመም ወይም በክረምት ወንዝ ሙላት ምክንያት ዘግይቶ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ስሌቱ ብቻ አይጻፍ፤ የተነገረው ቃል እንዳለ ይቀመጥና ስሌቱ ከሥሩ ይከተል። ነገ የተሻለ የሚያውቅ ሰው ያርመዋል።

የመከራና የደስታ ዘመኖቹን በአንድ ቅጠል ወረቀት ጽፎ ከጎን ማስቀመጥ ይጠቅማል፦ የኅዳር በሽታ 1911፣ የዘውድ በዓል 1923፣ ማይጨው 1928፣ የታኅሣሥ ግርግር 1953፣ ዕድገት በኅብረት 1967፣ የ77 ድርቅ። ከዚያ «ስንት ዓመትዎ ነበር?» ሳይሆን «ያኔ ተድረው ነበር? የመጀመሪያውን ልጅ ይዘው ነበር?» ነው ጥያቄው። የተገኘው ዓመት ላይ ደግሞ የኢትዮጵያ መሆኑን መጻፍ ግዴታ ነው። ዋሽንግተን ወይም ቴል አቪቭ ያደገ የልጅ ልጅ 1931 የሚለውን እንደ ፈረንጅ ቆጥሮ አያቱን 8 ዓመት ያስረጃቸዋል። (ልዩነቱ ከመስከረም እስከ ፈረንጆች አዲስ ዓመት 7፣ ከዚያ በኋላ 8።)

ስም ላይ ስደርስ ሁልጊዜ የሚቆጨኝ የሴቶቹ ነገር ነው። አራት ትውልድ ወደ ላይ ቢወጣ ወላጅ 2፣ አያት 4፣ ቅድመ አያት 8፣ ከዚያ በላይ 16፤ በጠቅላላው 30 ሰው። ብዙው ቤት ከ30ው የሚቆጥረው የአባትን መስመር ብቻ፣ 4 ወንድ ነው። እናት «የአቶ እገሌ ባለቤት» ተብላ ታልፋለች፤ የገዛ አባቷ ስም ካልተያዘ ወገኗ ሁሉ አብሯት ይጠፋል። ድሮ እንዲህ አልነበረም። በሰሜኑ አገር ርስት በእናትም በአባትም ስለሚወረስ፣ ሙግት የገጠመው ሰው ዘሩን በሁለቱም ወገን እስከ አቅኚው፣ መሬቱን መጀመሪያ እስከያዘው ሰው ድረስ ቆጥሮ ማስረዳት ነበረበት። የካቲት 25 ቀን 1967 የገጠር መሬት በአዋጅ የሕዝብ ሲሆን ቆጠራው ሥራ ፈታ። አዋጁን መውቀሴ አይደለም፤ ጭሰኛው ተገላግሎበታል። ግን የአያት እናት ስም ለማስታወስ የሚያስገድድ ዳኛ ከዚያ ወዲህ የለም። የቀረችን ለጋብቻ ሲባል የምትጠየቀው ሰባት ቤት ብቻ ናት፣ እሷንም ከተሜው እየተዋት ነው።

አንድ ሰው ሦስት ሰው ሆኖ እንዳይመዘገብም መጠንቀቅ ነው፤ የዓለም ስም፣ የክርስትና ስም፣ የቤት መጠሪያ፣ ለአርበኛ የፈረስ ስም፣ ሁሉም በአንድ መስመር ይግቡ። አያቱ ጋ ያደገ ልጅ ብዙ ጊዜ ትምህርት ቤት በአያቱ ስም ይመዘገባልና አንድ ትውልድ ተዘልሎ ይቀራል፤ መታወቂያ አይታመንም፣ «ማን ወለደው፣ ማን አሳደገው» ተብሎ ለየብቻ ይጠየቅ። ቦታ ሲሆን ደብሩን መጻፍ ነው። ጠቅላይ ግዛቱ ክፍለ ሀገር፣ ክፍለ ሀገሩ ክልል ሲባል ደብሩ ስሙን አልቀየረም። የቅርቡ ገበያና የሚውልበት ቀን ከተጨመረ ማንም አይጠፋበትም።

ቀረጻው ከቡናው በፊት ወይም ከበረካው በኋላ ይሁን። የሲኒ ኳኳታ ድምፁን ይበላዋል፣ የሙቀጫውን አልናገርም። ስልኩ የአውሮፕላን ምልክቱ ላይ ተደርጎ፣ በታጠፈ ነጠላ ላይ፣ ከተናጋሪው አንድ ክንድ ርቆ ይቀመጥ። ከ45 ደቂቃ በላይ አዛውንት ማድከም ነው። «ታሪክዎን ይንገሩኝ» ከተባለ የሚመጣው ያው የቀብሩ ግማሽ ገጽ ነው። «የቤቱ በር ወደየት ይዞር ነበር? ውኃ ከየት ይቀዱ ነበር? የማንን ዝክር ታወጡ ነበር?» ሲባል ግን ሰው ይመጣል፣ ጎረቤት ይመጣል፣ ጠብ ይመጣል። የአንድ ሰዓት ንግግር ወደ ወረቀት ለመገልበጥ አምስት ስድስት ሰዓት ይፈጃል። በዚያ ጊዜ አነጋገሩን ወደ መጽሐፍ አማርኛ ማቃናት ትልቁ ጥፋት ነው፤ የጎጃሙ ጎጃምኛ፣ የመንዙ መንዝኛ ሆኖ ይቅር። ፎቶግራፍ ጀርባው ላይ በለስላሳ እርሳስ እንጂ በእስክሪብቶ አይጻፍበትም፤ ቀለሙ ወደ ፊት ያልፋል። ከመስተዋት ጋር የተጣበቀውን አላቅቃለሁ ማለት ምስሉን መግፈፍ ነው፤ እንዳለ በላዩ ይነሣ። በቴሌግራም ሲላክም እንደ ምስል ሳይሆን እንደ ፋይል፣ አለዚያ ጥራቱ ይወርዳል።

«ይቺን እንኳ አትጻፊ» ሲባልስ? ብዙውን ጊዜ የሚባለው ስለ ደም፣ ከጋብቻ ውጭ ስለተወለደ ልጅ፣ ወይም ስለ «የቤት ልጅ»፣ ማለትም በባርነት ቤት ውስጥ ስለኖረ ሰው ነው። ለመጀመሪያዎቹ ሁለቱ መላ አላጣም፤ ቀረጻው ይቆማል፣ ቃሉ ለብቻው ተጽፎ ይታሸጋል፣ ፖስታው ላይ የሚከፈትበት ዓመት ይጻፋል። ሦስተኛው ነው እንቅልፍ የሚነሣኝ። ባርነት በሕግ የተሻረው በ1934 ነው፤ ከዚያም በኋላ ብዙዎቹ እዚያው ቤት ቀርተው ተዳሩ፣ ወለዱ፣ ስማቸው ጌትዮው ያወጣላቸው፣ የአባታቸው ስምም የጌትዮው ሆኖ። በዘር ሐረጉ ላይ የአያት ወንድም ሆነው ተቀምጠዋል። ወንድም ብዬ ከጻፍኩ ልጃቸው የተወሰደባቸውን እናትና አባት ደግሜ እቀብራለሁ። እውነቱን ከጻፍኩ ዛሬም በዚህ ምክንያት ሽማግሌ የሚመለስበት ቤት አለ፤ የልጅ ልጆቻቸው ደግሞ አያውቁም። የነገሩኝ አዛውንት «ተይው» የማለት መብት አላቸው እንዳልል፣ ታሪኩ የእሳቸው አይደለም። ባለቤቶቹ እነዚያ የልጅ ልጆች ናቸው፤ ይጻፍ ወይስ ይቅር ብሎ መጠየቅ ያለበትም እነሱን ነው። ግን ሳልነግራቸው እንዴት አድርጌ ነው የምጠይቃቸው?